ከዓለት የተፈለፈሉ የዓለም ድንቅ ቦታዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተፈጥሮንም ሕንፃንም በአንድ ጉዞ ማየት ለሚፈልግ ሰው ፍልፍል ቦታዎችን የሚያህል የለም። ተራራው ራሱ ቤት ነው። የጆርዳኑ ፔትራ፣ የቱርኩ ቀጰዶቅያ፣ የሕንዱ ኤሎራ፣ የኛው ላሊበላ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ስለነዚህ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹና ሰዓቶቹ ግን እንደኛ ናቸው።

ፍልፍል ሕንፃ ሲባል ያው ዋሻ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ዋሻን ውኃና ዘመን ይሠሩታል። ፍልፍልን የሚሠራው ሰው ነው፤ ያውም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይደርብ፣ ካለው ላይ እየቀነሰ። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንስቶ ሌላ ያስቀምጣል። ፈልፋይ አንድ ዓምድ ካበላሸ ግን አለቀ፣ መተኪያ የለውም።

አብዛኞቹ የተሠሩት ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ጣሪያው፣ መጨረሻ የሚያልቀው ወለሉ። ይህ ብልሃትም አለው። ሠራተኛው ገና ባልተፈለፈለው ዓለት ላይ ስለሚቆም የእንጨት መወጣጫ አያስፈልገውም።

አሠራራቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፔትራ ላይ በብዛት የምታዩት የገደል ፊት ላይ የተቀረጸ የሕንፃ ገጽ ነው፤ ከኋላው ያለው ክፍል ትንሽና ባዶ ነው። ቀጰዶቅያ ላይ ደግሞ ውጪው ተራ ድንጋይ ይመስልና ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ይገኛል። የኤሎራው ካይላሳ ቤተ መቅደስና የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ሦስተኛው ዓይነት ናቸው። ዙሪያቸው ተቆፍሮ፣ በአራቱም ጎን ከዓለቱ ተለይተው ቆመዋል። ይህኛው ነው ከሁሉም ከባዱ።

ለምን እነዚያ ቦታዎች ላይ ብቻ? ሌላው ጋ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?

ድንጋይማ ሞልቷል። ብርቁ የሚፈለፈል ድንጋይ ነው። ለመቁረጥ የሚለሰልስ፣ ግን ጣሪያ ሆኖ የማይደረመስ መሆን አለበት። ፔትራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ቀጰዶቅያ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተጠቅጥቆ የፈጠረው ድንጋይ ነው። ሲቆርጡት ለስላሳ ነው፤ አየር ሲነካው ላዩ ይጠነክራል። ኤሎራ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ያለው ባዛልት ነው፣ ጠንካራ ነው።

ለስላሳ ድንጋይ አንድ ጠላት አለው፦ ውኃ። ውኃ ይጠጣል፣ ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእነዚህ ቦታዎች እውነተኛ ጥበብ ያለው ቅርጹ ላይ ብቻ ሳይሆን ውኃው በየት ይሂድ የሚለው ላይ ነው። የትኛውም ፍልፍል ቦታ ስትደርሱ ከሐውልቱ በፊት ቦዩን ፈልጉ እላለሁ። ቦዩን ያየ ሰው ሕንፃውን ሌላ ሰው በማያየው መንገድ ያየዋል።

አንዱን ብቻ ለማየት ነው አቅሜ። የትኛውን ልምረጥ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ፔትራን። መልክዓ ምድሩም፣ ሕንፃውም፣ የእግር መንገዱም እዚያ አንድ ላይ ነው። የግድግዳ ሥዕል የሚወድ ሰው ወደ ቀጰዶቅያ ይሂድ። የእጅ ሥራ ብቻውን የሚያስደንቀው ደግሞ ካይላሳን ሳያይ አይቅር። ላሊበላን ሳያይ ፔትራ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ካለ ግን፣ ትንሽ አዝንበታለሁ።

ፔትራ በአንድ ቀን አይታይም?

ይታያል፤ ግን ያያችሁት ፔትራን ሳይሆን ኻዝናን ይሆናል። ብዙ ሰው ፎቶ ላይ የሚያውቀው ያ ሮዝ የሕንፃ ገጽ ኻዝና ይባላል፤ ግምጃ ቤት ማለት ነው። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። ናባታውያን የሚባሉት ዐረብ ነጋዴዎች ከ2,000 ዓመት በፊት ግድም ሠሩት። ዕጣንና ከርቤ የጫኑ ግመሎች በእጃቸው ያልፉ ነበር፤ ሀብታቸው ከዚያ መጣ። ስሙ ግምጃ ቤት ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚታመነው የንጉሥ መቃብር እንደነበር ነው። በደዊኖች የሚባሉት የአካባቢው ዘላን ዐረቦች ግን ከላይ ያለው የድንጋይ እንስራ ወርቅ አለው ብለው ይተኩሱበት ነበር። የጥይቱ ምልክት ዛሬም ይታያል። እንስራው ድፍን ድንጋይ ነው!

ወደ ኻዝና የሚወስደው ሲቅ የሚባል ጠባብ የገደል መንገድ ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓለት ነው፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ጎብኚ አንገቱን ሽቅብ አንጋጦ ያልፈዋል። እናንተ ዝቅ ብላችሁ ጎንና ጎኑን እዩ። በአንዱ ጎን ዓለቱ ላይ የተጠረበ ቦይ አለ፤ በሌላው ጎን የሸክላ ቱቦ የተዘረጋበት መስመር አለ። በረሃ መሀል ያለ ከተማ የጠጣው በዚህ ነው።

ከኻዝና በኋላ ነው ከተማው የሚጀምረው። ከዓለት የተፈለፈለ ቲያትር፣ የነገሥታት መቃብሮች፣ ሮማውያን 106 ላይ ከተማውን ከያዙ በኋላ መልኩን የቀየሩት ዓምዶች የቆሙበት ጎዳና፣ ወለሉ በሞዛይክ ያጌጠ የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን አለ። መጨረሻ ላይ 800 ያህል ደረጃ ተወጥቶ ዲር የሚባል ሌላ ትልቅ ፍልፍል ሕንፃ ጋ ይደረሳል። ዲር ከኻዝና ይበልጣል፣ ሰውም ይቀንስበታል።

የኔ ምክር ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ፀሐይ ኻዝና ላይ የምታርፈው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እዚያ አካባቢ አርፍዱ፤ አትቸኩሉ። ዲርን ለሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቆዩት፤ ብርሃኑ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው።

መግቢያው በጣም ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን አወሳሰዱ ላይ ብልሃት አለ። ለረጅም ጊዜ በቆየው ዋጋ ጆርዳን ውስጥ ለሚያድር ጎብኚ የአንድ ቀን መግቢያ 50 ዲናር፣ የሁለት ቀን 55፣ የሦስት ቀን 60 ነው። ደርሶ መልስ ለሚመጣ ሰው 90 ነው። ሁለተኛው ቀን የሚጨምረው 5 ዲናር ብቻ ነው ማለት ነው። እዚያ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው። ዋጋ ይለወጣልና ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ጆርዳን ፓስ የሚባል ትኬትም አለ። ፔትራንና ሌሎች ብዙ ቦታዎችን ያካትታል፤ ቢያንስ 3 ሌሊት ለሚያድርም የቪዛ ክፍያ ያስቀራል። ይህ ግን ድንበር ላይ ቪዛ ለሚሰጣቸው ፓስፖርቶች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኤምባሲውን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ።

ሌላ ነገር። በሩ ላይ «ፈረሱ ነፃ ነው፣ ከትኬቱ ጋር ነው» የሚሉ ልጆች አሉ። አልዋሹም። ሲቅ አፍ ድረስ ያለው አጭር መንገድ በትኬቱ ውስጥ አለ። ጉርሻው ግን የለበትም፤ እነሱ ደግሞ ይጠብቃሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሲቅ ውስጥ ጎርፍ አያሰጋም?

ያሰጋል። 1963 ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገድሏል። የሚገርመው ናባታውያኑ ይህን አስቀድመው አስበውበት ነበር። ሲቅ አፍ ላይ ግድብ ሠርተው፣ ዓለት በስተው ውኃውን በሌላ አቅጣጫ ያስወጡት ነበር። ዘመን አልፎ ግድቡ ፈረሰ፣ መተላለፊያው ተደፈነ። ከአደጋው በኋላ የዘመናችን ሰዎች ያደረጉት የጥንቶቹን ሥራ መልሶ መሥራት ነው።

ዛሬ የዝናብ ማስጠንቀቂያ ሲኖር ቦታው ይዘጋል። «ትንሽ ዳመና ነው» ብላችሁ ከጠባቂ ጋር አትከራከሩ። ጎርፉ የሚመጣው እናንተ ካላችሁበት ሳይሆን ከላይ ካለው ተራራ ነው።

ሳዑዲ ነው የምሠራው። ወደ ፔትራ መሄድ ይከብደኛል። ሌላ አማራጭ አለ?

እዚያው አገር ውስጥ የፔትራ እህት አለች። ሄግራ ትባላለች፣ አል ዑላ አጠገብ ነች፣ ማዳኢን ሳሊህ የሚሏትም አሉ። ናባታውያን ናቸው የሠሯት። 111 ትልልቅ መቃብሮች አሏት። 2008 ላይ ከሳዑዲ የመጀመሪያዋ የዩኔስኮ ቅርስ ሆነች። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው አገር ውስጥ ስለሆነ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ጉብኝቱ ግን አስቀድሞ የሚያዝ ነው።

እዚያ ቀስር አል ፈሪድን እንዳታልፉ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ትልቅ ዓለት ነው። ላዩ ጥንቅቅ ብሎ ያለቀ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን የመሮው ምልክት ሸካራ ሆኖ ቀርቷል። ሥራው መሀል ላይ ቆሟል። ከላይ ወደ ታች ይፈለፈላል ያልኩትን እዚያ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መቃብሮቹ በር ላይ የባለቤቱ ስምና ዘመን የተጻፈባቸውም አሉ፤ መቃብሩን የሸጠ ወይም ሌላ ሰው የቀበረበት እንዲህ ያለ ቅጣት ያግኘው የሚሉም አሉ። የመሬት ክርክር ድሮም ነበር ማለት ነው።

ቀጰዶቅያ ሄጄ ፊኛ ካልተሳፈርኩ ምን ዋጋ አለው?

በጣም ብዙ። ማኅበራዊ ሚዲያው ቀጰዶቅያን የፊኛ አገር ብቻ አስመሰላት። ፊኛዎቹ የሚነሱት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ንፋስ ካለ አይነሱም። ይነሱ አይነሱ የሚለውን የሚወስነው የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ነው፤ ድርጅቶቹ አይደሉም። መብረር የፈለገ ሰው ቢያንስ 3 ሌሊት ይደር፤ በመጀመሪያው ጠዋት ይመዝገብ። ቢሰረዝ ለነገ ይተላለፋል። ገንዘቡ ካልኖራችሁ ደግሞ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ ጎሬሜ ከተማ ጫፍ ያለው ኮረብታ ላይ ቁሙ። በኔ አስተያየት ከታች ሲታይ ይበልጣል፤ ፊኛው ላይ ያለ ሰው ፊኛው ያለበትን ሥዕል አያየውም።

ከዚያ በኋላ በእግር ሂዱ። ኤርጂየስን የመሳሰሉ እሳተ ገሞራዎች በጥንት ዘመን የተፉት አመድ ነው ይህን ሁሉ የሠራው። ኤርጂየስ ዛሬም 3,917 ሜትር ከፍታ ላይ በረዶ ለብሶ ከሩቅ ይታያል። ዝናብና ንፋስ አመዱን ሲሸረሽሩት፣ ከላይ ጠንካራ ድንጋይ የተጫነበት ቦታ ሳይሸረሸር ይቀራል። ባርኔጣ የደፉ የሚመስሉት ምሰሶዎች እንዲህ ነው የተፈጠሩት። ገደሎቹ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ፤ የእርግብ ቤቶች ናቸው። ገበሬው ኩሱን ለወይን ማሳው ማዳበሪያ ያደርገው ነበር። ረጅም የእግር መንገድ የሚወድ ሰው የኢህላራን ሸለቆ ይጨምር፤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዝ ዳር ዳሩን ይዛችሁ፣ ገደሉ ላይ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት እየገባችሁ ትወጣላችሁ።

ቀጰዶቅያ ማለት ያ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ነው?

እሱው ነው። ሐዋርያት ሥራ ላይ በበዓለ ሃምሳ ከተጠቀሱት አገሮች አንዱ ነው። ለኛ ምእመናን ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። ቅዳሴ ባስልዮስ የምንለው በስሙ የሚጠራው አባት የቂሳርያ ጳጳስ ነበር። ያቺ ቂሳርያ ዛሬ ካይሰሪ ትባላለች፤ ብዙ ጎብኚ በአውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነው። ወንድሙ ጎርጎርዮስም የዚያው አካባቢ ሰው ነው፤ በስሙ ቅዳሴ አለን።

ጎሬሜ ክፍት ሙዚየም ውስጥ ይላንሊ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከቅዱስ ቴዎድሮስ ጋር ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሏል። እዚያው ያለችው የጨለማዋ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቿ ትናንት የተሣሉ ይመስላሉ። ብርሃን በአንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ስለሚገባ ቀለሙ አልደበዘዘም። ለብቻዋ ክፍያ አላት፤ ክፈሉ። የአካባቢው ክርስቲያኖች 1923 ላይ ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ሲለዋወጡ ወጥተዋል። ዛሬ የምታዩት ቅዳሴ የሌለበት ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጠባብ ቦታ እፈራለሁ። የምድር ውስጥ ከተሞቹን ልለፋቸው?

እለፏቸው፤ ምንም አይደለም። ደሪንኩዩ የሚባለው የቀጰዶቅያ የምድር ውስጥ ከተማ 85 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎንበስ ብለው በአንድ ሰው ልክ የሚያልፉባቸው ቦታዎች አሉ። ከኋላ ሰው ሲኖር መመለስም ያስቸግራል። የማይፈራ ሰው ግን ይግባ። በጠላት ወረራ ጊዜ ሕዝቡ ከነከብቱ ይሸሸግበት ነበር። ከውስጥ ብቻ የሚንከባለሉ ክብ የድንጋይ በሮች፣ የአየር ማስገቢያ ጉድጓዶች፣ በረት፣ የወይን መጭመቂያ፣ ቤተ ክርስቲያን አለው። 1963 ላይ አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ ግድግዳ አፍርሶ ነው መግቢያውን ያገኘው።

ካይላሳ እውነት ከአንድ ድንጋይ ነው?

ከአንድ ተራራ ጎን ነው። ሕንድ ውስጥ ኤሎራ ላይ 34 ፍልፍሎች አሉ፤ የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን እምነቶች ጎን ለጎን ሆነው። 16ኛው ካይላሳ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ጉድጓዱ ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጀርባው ከ30 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መሀሉ ላይ ቤተ መቅደሱ ከነግንቡ፣ ከነድልድዩ፣ ሥሩ ከተደረደሩት ዝሆኖች ጋር ቆሟል። ይህን ሁሉ ባዛልት ላይ፣ በመዶሻና በመሮ።

ከታች ሆናችሁ አትጨርሱት። በጎን ያለውን ኮረብታ ወጥታችሁ ከላይ ወደ ታች እዩት። ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ሄዶ በር ላይ የሚቀር ብዙ ነው።

ላሊበላ ከነዚህ ሁሉ ምን ይለየዋል?

ሰው አለበት። ፔትራ ባዶ ነው፣ ጎሬሜ ሙዚየም ነው። ላሊበላ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፣ ጠዋት ይቀደሳል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉም እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከዙሪያቸው የተለዩ አይደሉም፤ ገሚሱ ከገደሉ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም በስፋቱ ይመራል። መላእክት ሌሊት ሌሊት ንጉሡን ያግዙት ነበር የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ጥቂቶቹ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ቀደም ብሎ እንደተጀመሩ ያስባሉ።

እዚህም ውኃውን ተከተሉ። የላስታ ክረምት ቀላል አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ውኃ የሚያወርዱ አሸንዳዎች አሉ፤ ግቢዎቹን የሚያገናኙት ቦዮችም መንገድ ብቻ አይደሉም፣ ዝናቡን ያስወጣሉ። ቢሆንም ድንጋዩ ተሰነጣጥቋል። ጥቂቶቹ ላይ ከ2008 ጀምሮ የቆመው ትልቅ ጣሪያ ለዚያ ነው። ዓይን አይስብም፣ ብዙ ሰውም አልወደደውም።

ገና ላይ መሄድ የፈለገ ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ ቀድሞ ማረፊያ ይያዝ። በቤተ ማርያም የሚደረገውን ቤዛ ኩሉ ያየ ሰው ሌላ ቦታ አያምረውም። በሌላ ጊዜ፣ ጸጥታ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ጥቅምትና ኅዳርን ይምረጥ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል፤ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውም። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ይዣት ልሂድ?

ፔትራ ላይ እስከ ኻዝና ድረስ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ፤ ዲር ግን ይቅርባት። ጎሬሜ ደረጃ ይበዛዋል። ኤሎራ መግቢያው ሜዳ ስለሆነ ለእናት ካይላሳ ከሁሉም ይቀላል። ላሊበላ ቁልቁለትና ወጣ ገባ ድንጋይ አለው፤ ደጋፊ ሰው ካለ ግን ሽማግሌዎቻችን ሁሌም ይወጡታል፣ እምነቱ ያወጣቸዋል። እናትህን አትከልክላት።

መቼ ልሂድ?

ፔትራና ቀጰዶቅያ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት። ፔትራ በሐምሌ እሳት ነው። ቀጰዶቅያ በጥር በረዶ ይጥላል፤ ያምራል፣ ግን ፊኛው ብዙ ቀን ይሰረዛል። ኤሎራ ከኅዳር እስከ ጥር።

ከነዚህ ሌላ የምትጠቁመው አለ?

ጣሊያን ያላችሁ ማቴራን እዩ። የዋሻ ሰፈር ነው፤ ሕዝቡ በድህነቱ ምክንያት በ1950ዎቹ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፣ ዛሬ እነዚያው ዋሻዎች ውድ ሆቴል ሆነዋል። ግብጽ የምትሄዱ አቡ ሲምበልን አትርሱ። የአስዋን ግድብ ሊያሰምጠው ሲል ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተተክሏል።

ግድግዳውን ብነካ ምን ይሆናል?

አንድ ሰው ቢነካ ምንም አይሆንም። ፔትራ ላይ እጃችሁን ስታነሱት ግን ቀይ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ያ ግድግዳው ነው። ሥዕል ያለበት ቦታ ጭራሽ አትጠጉ፤ ቦርሳ የሚሸከም ሰው ዞር ሲል ነው የሚፍቀው፣ ከፊት አድርጉት። ጎሬሜ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ጠባቂው ባይኖርም።